በሦስት ሴኮንድ የሚነበብ ሥዕል

ተማሪዎችን በሥዕል አወዳድሮ መሸለም በትምህርት ቤት የተለመደ ነገር ነው። በአሜሪካ ግን የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ተማሪዎችን የሚያወዳድሩበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም መንገድ በሚሠራበትና በሚጠገንበት ስፍራ መኪና ነጂዎች እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ሥዕል፤ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ወይም አጭር ፊልም ማዘጋጀት ነው። አደራረጉ በየስቴቱ ይለያያል። ባንዱ ስፍራ ሕፃናት በቀለም ይሥላሉ፤ በሌላው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊልም ያነሣሉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አዲስ የትራፊክ ምልክት አስበው እንዲያቀርቡ የሚጋበዙበት ውድድር አለ።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በ1997 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በቨርጂኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ሠራተኞች የጥገናው ወራት ከመድረሱ በፊት አንድ ሳምንት ለይተው ስለ ጥንቃቄ ማሳሰብ ጀመሩ። በ1999 የፌዴራሉ የአውራ ጐዳና አስተዳደር ከሁለት ማኅበሮች ጋር ተስማምቶ ሐሳቡን የመላው አገር አደረገው፤ የመጀመሪያውም ብሔራዊ ሳምንት በኤፕሪል 2000 በስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ተከፈተ። ስፍራው ታላላቅ አውራ ጐዳናዎች የሚጋጠሙበትና ያን ጊዜ እንደ አዲስ ይሠራ የነበረ መገናኛ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ሳያውቁት አይቀሩም።

በእንዲህ ያለው ውድድር አዘውትሮ የሚታየው ሥዕል ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛ ነው፤ ባጠገቡ ትንሽ ልጅ ቆማ አባቷ በሰላም ወደ ቤት እንዲመለስ ነጂውን ትለምናለች። ሥዕሉ ልብ ይነካል፤ የሚለውም እውነት ነው። በማርች 22 ቀን 2023 በባልቲሞር አጠገብ በ695 ቁጥር አውራ ጐዳና ላይ እጅግ በፍጥነት ይነዱ የነበሩ ሁለት መኪናዎች ተነካኩ፤ አንደኛዋም በኮንክሪቱ መከላከያ መካከል በነበረው ክፍተት ገብታ ስድስት ሠራተኞች ገደለች።

ይሁን እንጂ ይህ ሥዕል የነገሩን እኩሌታ ብቻ ይናገራል። በ2021 በአሜሪካ መንገድ በሚሠራበት ክልል በደረሰ አደጋ ከ950 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ከአምስቱ ሟቾች አራቱ ያህል ግን አካፋ የያዙ ሳይሆኑ በመኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ ነጂዎችና ተሳፋሪዎች ማለት ነው። መንገዱ ይጠብባል፤ መኪናው ተሰልፎ ይቆማል፤ ከኋላ በሙሉ ፍጥነት የሚመጣው ሰልፉን ሳያይ በላዩ ላይ ይወጣል። ሰው ከሞተባቸው ከነዚህ አደጋዎች ከአምስቱ አንድ ያህሉ እንዲህ ከኋላ በመግጨት የሚደርስ ነው። ከ2002 ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር የመታሰቢያ ግድግዳ አለ፤ በላዩ ከሠራተኞቹ ስም ጋር የነጂዎች፤ የእግረኞች፤ የፖሊሶችና የሕፃናት ስም ተጽፎ ይገኛል።

እንግዲህ ለነጂው «ለሠራተኛው ራራለት» ብቻ ማለት አይበቃም፤ የሚሞተው እሱ ራሱ መሆኑንም ሥዕሉ ሊነግረው ይገባል። ይህን ደግሞ በስንት ጊዜ ውስጥ ነው የሚነግረው? እዚህ ላይ የሠዓሊው ችሎታ ከሒሳብ ጋር ይገናኛል።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመንገድ መሐንዲሶች ሲቀይሱ ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ይሰጡታል፤ ይህም መኪናው መብረድ ሳይጀምር 70 ሜትር መሄዱ ነው። ለአምስት ሴኮንድ ስልኩን የሚያይ ነጂ 140 ሜትር ያህል፤ ማለት ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት የሚበልጥ መንገድ፤ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ይነዳል። የጽሕፈቱም ነገር እንዲሁ ነው። በአሜሪካ የምልክት ሥራ ደንብ መሠረት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ9 ሜትር ርቀት ይነበባል ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ90 ሜትር ይነበባል። ለዚያ ለፈጣኑ ነጂ ይህ ሦስት ሴኮንድ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ሠራተኛውን፤ ልጅቱን፤ በርሜሉን፤ ሰማዩንና አሥራ አምስት ቃል ያለበትን ምክር ማን ሊያነብ ይችላል? በአዳራሽ የተጨበጨበለት ሥዕል በመንገድ ዳር ድዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የተማሪ እጅ ለዚህ ሥራ አያንስም። ዛሬ በእንግሊዝ አገር የሚታዩትን የመንገድ ምልክቶች ከጆክ ኪኔር ጋር ሆና ያዘጋጀችው ማርጋሬት ካልቨርት በሎንዶን የቼልሲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእሱ ተማሪ ነበረች፤ ለሥራውም የመረጣት እሱ ነው። ምልክቶቹ ከ1965 ጀምሮ የጸኑ ናቸው። ከነሱ አንዱ መሬት የሚቆፍረው ሰው ሲሆን፤ እንግሊዞች ዣንጥላ መክፈት ያቃተው ሰውዬ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። ይቀልዱ፤ ነገር ግን ያ ጥቁር ጥላ መሰል ሰው አንድም ቃል ሳይናገር በሩቁ ይታወቃል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል እንዲህ ያለ ሰሌዳ በአማርኛ ልሞክር የሚል ቢኖር ቋንቋው ባንድ በኩል ይረዳዋል። «ይታገሡን» የሚለው አንድ ቃል ማን ማንን እንደሚታገሥ ጨርሶ ይናገራል። ፊደሉ ግን ያስቸግራል፤ ሰ ከሸ፤ ደ ከጀ የሚለዩት በአናታቸው ባለች ጭረት ስለሆነ፤ ጭረቷ በሩቅ ስትጠፋ ቃሉም አብሮ ይጠፋል። ከላቲኑ ይበልጥ መተለቅ አለበት፤ ሲተልቅ ደግሞ ለብዙ ቃል ቦታ አይኖርም።

ለዳኞችም አንድ ሐሳብ አለን። ሥዕሎቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ቡና እየጠጡ ማየት ቀርቶ፤ ከገላጣ መንገድ ዳር ይቁሙና ዳኞቹ በመኪና እያለፉ የታያቸውን በወረቀት ይጻፉ። ምንም ያልተጻፈለት ሥዕል፤ ምንም ያህል ቢያምር፤ ወደ ሠዓሊው ይመለስ።