ለዓሣ አጥማጅ ሁለተኛ ማጠንጠኛ

በየዳ ከራስ ደጀን ሥር ያለ የደጋ አገር ነው። እኛ የምናውቀው ገብሱን፣ በጉንና ብርዱን ነው። ታዲያ የዓሣ ወሬ ከየት መጣ? ትሉን ይሆናል።

ከተራራችን የሚወርደው ውሃ ሁሉ መጨረሻው ተከዜ ነው። በተከዜ ሸለቆ ደግሞ ዓሣ አለ። አምባዛ አለ፤ ቀረሶም አለ። በ2002 ዓ.ም. የተከዜ ግድብ ተመረቀ። ውሃው ተገትቶ ሰፊ ሐይቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በዋግ ኽምራ በኩል ዓሣ ማጥመድ ለብዙ ሰዎች እንጀራ ሆኗል።

ብዙው ሰው የሚያጠምደው በመረብ ነው። መረብ መግዛት ያልቻለ ግን በመንጠቆና በናይሎን ክር ያጠምዳል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ክር ነው። በተለይም ክሩ ስለሚጠቀለልበት ስለ ማጠንጠኛው ነው።

ማጠንጠኛ ምንድን ነው?

ሸማኔ ሲሠራ አይታችኋል። ማጉን በቀሰም ላይ ያጠነጥናል። ቀሰሙን በመወርወሪያው ውስጥ ይከታል። ማጉ ሲያልቅ ሥራውን አቁሞ ክር ሲያጠነጥን አይውልም። አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሌላ ቀሰም ይከትና ይቀጥላል።

የዓሣ አጥማጅም ነገር እንዲሁ ነው። በዘንግ የሚያጠምዱ ሰዎች ሪል የሚባል መሣሪያ አላቸው። ሪል በእጅ እየተዘወረ ክር የሚሰበስብ መሣሪያ ነው። በሪሉ ላይ ክሩን የሚይዝ ማጠንጠኛ አለ። ማጠንጠኛው ይወልቃል። በሌላ ይተካል። ለሪሉ ማጠንጠኛው እንደ ቀሰም ነው ማለት ነው።

ለምን ሁለት ያስፈልጋል?

አንደኛ፣ ክር ይወሳሰባል፤ ይበጠሳል። ከደጋ እስከ ቆላ ወርዶ፣ ክሩ ጠዋት ተበጥሶበት ባዶ እጁን ዳገቱን የሚወጣ ሰው ያሳዝናል። ሁለተኛ ማጠንጠኛ የያዘ ሰው ግን ቀይሮ ሥራውን ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ ዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም። ለቀረሶ ቀጭን ክር ይበቃል። አምባዛ ግን ከባድ ነው፤ አፉም ሻካራ ነው። ወፍራም ክር ይፈልጋል። በአንዱ ማጠንጠኛ ቀጭኑን፣ በሌላው ወፍራሙን መያዝ ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይበልጣል። መንጠቆ ከድንጋይ ወይም ከሰመጠ እንጨት ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ ሌላ ክር የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ልብሱን አውልቆ ሊያስለቅቅ ውሃ ይገባል። ተከዜ ደግሞ አዞ አለበት። ለጥቂት ብር ክር ሲባል ሰው ይጠፋል። ሁለተኛ ማጠንጠኛ በከረጢቱ ያለ ሰው ግን የተያዘውን ክር በጥሶ ይተወዋል። ክር ይበጠስ፤ ሰው ይትረፍ።

ስትበጥሱም በባዶ እጅ አትሳቡ። ናይሎን እጅን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ክሩን በእንጨት ላይ ጠምጥሙት። ፊታችሁን አዙራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ፊት ማዞሩ ለምንድን ነው? ክሩ ሲለቅ እርሳሱ ተፈናጥሮ ዓይን ሊመታ ስለሚችል ነው።

ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?

የአንዱ ሪል ማጠንጠኛ ለሌላው አይሆንም። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ሲገጥሙት ግን እምቢ ይላል። ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ ሪሉን ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ገጥማችሁ አዙሩት። ቢወላገድ ወይም ቢያንቀጫቅጭ አትግዙ።

ቀጥሎ ከንፈሩን ፈትሹ። ከንፈር የምንለው ክሩ እየነካው የሚወጣበትን ጠርዝ ነው። ጥፍራችሁን ዙሪያውን አስኪዱበት። ጥፍር የያዘ ቦታ ክርንም ይይዛል፤ ክሩን ይበላዋል።

ከዚያ የተጻፈበትን ቁጥር አንብቡ። ለምሳሌ 0.30/150 የሚል ታገኛላችሁ። ውፍረቱ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር 150 ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ክሩ ሲወፍር የሚይዘው ርዝመት ያንሳል። በዚያው ማጠንጠኛ ላይ 0.40 ክር ብትጠቀልሉ ከ85 ሜትር አይበልጥም። ይህን ያላነበበ ሰው፣ ነጋዴው የሰጠውን ሁሉ ተሸክሞ ይመለሳል።

የክሩም ጥቅል ጽሑፍ አለው። ውፍረቱ፣ ርዝመቱና የሚችለው ክብደት ተጽፎበታል። ለቀረሶ 0.30፣ ለአምባዛ 0.45 ወይም 0.50 ይበቃል።

ስትጠቀልሉ

1. የክሩን ጫፍ በማጠንጠኛው ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ሳይታሰር የተጠቀለለ ክር፣ ትልቅ ዓሣ ሲሮጥ ጨርሶ ይሄዳል።

2. ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በውሃ ወይም በምራቅ አርጥቡት። በዝግታ ሳቡት። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ ይፋተጋል፤ ይግላል፤ ክሩም ይደክማል። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይሉ የለ? ለቋጠሮም ይሠራል።

3. ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርጋችሁ፣ እያጠበቃችሁ ጠቅልሉ። ላልቶ የተጠቀለለ ክር ዓሣ ሲስበው ከሥር ካለው ጋር ይጠላለፋል።

4. ጥቂት ዙር ከጠቀለላችሁ በኋላ ክሩን ላላ አድርጉት። እንደ ገመድ ከተጠማዘዘ የሱቁን ጥቅል ገልብጡትና ቀጥሉ።

5. ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀር አቁሙ። ከሞላ እየተተረተረ ይወርዳል። ከጎደለ ደግሞ ሩቅ አይወረወርም።

6. ጫፉን በላስቲክ እሰሩት። ያለዚያ በከረጢት ውስጥ ተፈትቶ ይጠብቃችኋል።

ውሃ ዳር ስትቀይሩ የፊቱን ማጥበቂያ ፈትታችሁ አሮጌውን አውጡ፤ አዲሱን ግጠሙ። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች ከማሳለፋችሁ በፊት፣ በሪሉ ላይ ያለውን ግማሽ ክብ ሽቦ ክፈቱ። ይህን የረሳ ሰው ክሩን እስከ ዘንጉ ጫፍ አሳልፎ እንደገና ይጀምራል።

ሪል የሌለው ሰውስ?

ሪል የሌለው ሰው አይቸገር። ባዶ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ጥሩ ማጠንጠኛ ይሆናል። የክሩን ጫፍ በጠርሙሱ አንገት እሰሩ። ክሩን በሆዱ ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ስትወረውሩ በአንድ እጅ አንገቱን ያዙ፤ ቂጡን ወደ ውሃው አዙሩ። በሌላው እጅ መንጠቆውንና እርሳሱን ወርውሩ። ክሩ እየተተረተረ ይሄዳል። በእጃችሁ ላይ ግን ክር ፈጽሞ አትጠምጥሙ። ጠርሙስ በነፃ ይገኛል፤ ሁለትና ሦስት ማዘጋጀት አያቅትም።

አያያዙ

ናይሎንን ፀሐይ ያደክመዋል። ተጠባባቂውን ማጠንጠኛ በጨርቅ ከረጢት፣ ከብርሃን ሸሽጋችሁ አስቀምጡ። አሸዋና ጭቃ ከነካው በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት።

አሁን እርሳስ የያዘ እጃችሁ ሥራ አለው። በቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «0.40፤ 80 ሜትር፤ ጥቅምት ተጠቀለለ።» ወረቀቱን በማጠንጠኛው ላይ ለጥፉ። ሁለት ክር ሲያዩት ይመሳሰላል። ጽሑፉ ግን አይዋሽም። የትኛው እንዳረጀ፣ የትኛው አምባዛን እንደሚችል በጨለማ ተነሥታችሁ ስትወጡ ሳትጠራጠሩ ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ይቅር አይባልም። የተበጣጠሰ ክር ወንዝ ዳር አትጣሉ። ናይሎን እንደ ሣር አይበሰብስም። የወፍ እግር ያስራል፤ ከብትም ከሣር ጋር ሊውጠው ይችላል። ሰብስባችሁ ወደ ቤት ውሰዱት።

እስቲ እናስላ

ቀጥሎ ያሉትን ጥያቄዎች ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ መልሱ።

1. በማጠንጠኛው ላይ 0.40/100 ተጽፏል። 200 ሜትር ርዝመት ያለው 0.40 ክር ብትገዙ ስንት ማጠንጠኛ ይሞላል?

2. መንጠቆአችሁ ተከዜ ውስጥ ከድንጋይ ጋር ተያይዟል። ምን ታደርጋላችሁ? ምን አታደርጉም?

3. በእናንተ ማጠንጠኛ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።