አቤ፦ የይፋት ወንዞች መድረሻ፣ የፍላሚንጎዎች ሐይቅ

አቤ በአፋር ክልልና በጅቡቲ ወሰን ላይ የተኛ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ እዚህ ያበቃል። የይፋት ወንዞች ሮቢ፣ ጀውሃና አጣዬም ከደጋው ወደ ይፋት ቆላ ወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ያመራሉ። ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ አቅጣጫው ወደዚሁ ሐይቅ ነው።

ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ውኃው በቆላው ፀሐይ ይተናል፤ ከአለትና ከአፈር ተሟሙቶ የመጣው ማዕድን ግን እዚያው ይከማቻል። በዳርቻው የሚፈልቁት ፍል ውኃዎችም የራሳቸውን ይጨምራሉ። በአካባቢው በሰልፍ የቆሙት የኖራ ድንጋይ ማማዎች ከእነዚህ ምንጮች በውኃ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ በደረቅ ሜዳ ላይ መታየታቸው ሐይቁ ቀድሞ ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ ይመሰክራል።

እንዲህ ያለ ውኃ ለሰውም ለከብትም አይጠጣም፤ ለአብዛኛው ዓሣም አይመችም። በአንጻሩ እንደ ስፒሩሊና ያሉ ደቃቅ አልጌዎች በጨዋማና ሶዳ በበዛበት ሐይቅ በብዛት ይራባሉ። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚኖረው በእነዚህ ነው። ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ቆሞ ራሱን ቁልቁል ይደፋል፤ በምላሱ ውኃውን እየሳበና እየገፋ፣ በመንቆሩ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ወንፊቶች ምግቡን ያስቀራል። ሮዝ ቀለሙንም የሚያገኘው ከሚበላው ነው። ትልቁ ፍላሚንጎ ደግሞ ጭቃውን በእግሩ እያማሰለ ጥቃቅን የውኃ እንስሳትን ይለቅማል። በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ረጃጅም እግር ወፎች በእንዲህ ያሉ ዳርቻዎች ይከርማሉ።

ፍላሚንጎ ለአንድ ሐይቅ አይታመንም። አልጌው ሲሳሳ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ሌላው ይበራል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ትንንሽ ፍላሚንጎዎች በአብዛኛው የሚፈለፈሉት በታንዛኒያው ናትሮን ሐይቅ ነው። ስለዚህ ከስምጥ ሸለቆው ጨዋማ ሐይቆች አንዱ ሲጎዳ ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል።

የስምጥ ሸለቆው የአብያታ ሐይቅ ዕጣ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። መጋቢ ወንዞቹ ለመስኖ ሲጠለፉ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ውኃ ሲወሰድ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በርትቶ ዓሣው አለቀ። በአጎራባቹ የሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ጎጆ ሠርተው ከአብያታ ያጠምዱ የነበሩ ይብራዎችም ምግብ ፍለጋ ወደ ዝዋይ ሐይቅ መብረር ግድ ሆነባቸው።

አዋሽም ከ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ጀምሮ በስኳርና በጥጥ እርሻዎች፣ በከሰምና በተንዳሆ ግድቦች ብዙ ተቀንሶበታል፤ አቤም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እጅግ ጠብቦ ነበር። የይፋት ገበሬ ሽንኩርቱን ማጠጣቱ ተገቢ ነው፤ የተፋሰሱ ውኃ ሲደለደል ግን ለአቤም የሚደርሰው ድርሻ አብሮ ሊመደብለት ይገባል።