ጸሎተ ሃይማኖት የሌለው ቤተ ክርስቲያን፣ በጓዳ በር

ጠጋ በሉማ። ጮክ ብዬ የማላወራው ምስጢር ስለሆነ አይደለም። ምስጢር ቢሆን ኖሮ ባለቤቶቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው ይወያዩበት ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ግን በሹክሹክታ ሲሆን ይጣፍጣል።

የምሠራው አሜሪካ፣ አንድ የዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ ነው። ስልክ አነሣለሁ፣ የእሑዱን ፕሮግራም አትማለሁ፣ አዳራሽ አከራያለሁ፣ መባ እቆጥራለሁ። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈም አውቃለሁ፤ እሱ እንኳ በደመወዜ ውስጥ አልተካተተም።

እሑድ ጠዋት በፊት በር የገባ ሰው የሚያየው ሁሉ የተለመደ ነው። ኦርጋን አለ፣ መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ የመባ ሳህን ይዞራል። ልብ ብላችሁ ከቆያችሁ ግን አንድ የጎደለ ነገር አለ። ማንም ተነሥቶ «እናምናለን» አይልም። ጸሎተ ሃይማኖት ብሎ ነገር የለም። አንዱ አግዳሚ ላይ ፈጣሪ አለ የሚሉ አሮጊት፣ አጠገባቸው የለም የሚሉ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር፣ ከኋላቸው አንዲት ቡድሂስት፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ አይሁዳዊት ሚስቱን ይዞ የመጣ ክርስቲያን። አባል መሆን የፈለገ ሰው ስለ አምላክ አይጠየቅም። መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ አለቀ። መዝገቡ ያለው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው ሃይማኖት የሚያሰኘው? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

መጀመሪያ የዘር ሐረጋቸውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ቤት የሁለት ቤተሰቦች ጋብቻ ነው፤ ሠርጉ በ1961 ነበር። ዩኒቴሪያኖቹ ሥላሴን አንቀበልም ያሉ ናቸው። ዩኒቨርሳሊስቶቹ ደግሞ እግዚአብሔር ማንንም ለዘላለም ገሃነም አይጥልም፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም ይድናል ያሉ። ሁለቱንም ቤት ያገለገለ ቶማስ ስታር ኪንግ የሚባል የ19ኛው መቶ ዘመን ሰባኪ ነበር። በልዩነታቸው ሲቀልድ፣ ዩኒቨርሳሊስቶቹ «እግዚአብሔር ደግ ነውና አይኮንነንም» ሲሉ ዩኒቴሪያኖቹ «እኛን የመሰለ ጥሩ ሰው እንዴት ይኮነናል» ይላሉ አለ ይባላል። ቀልዱ ዛሬም ይደገማል። ከሁሉ አብልጠው የሚስቁት ዩኒቴሪያኖቹ ናቸው።

ከቀልዱ ሥር ግን እሳት አለ። ሚካኤል ሰርቬተስ ሥላሴን በመቃወሙ በ1553 ጄኔቫ ላይ ከነሕይወቱ ተቃጠለ። ሥላሴን አልቀበልም ያለው ሰባኪ ፌሬንትስ ዳቪድም በ1579 ትራንሲልቫኒያ ውስጥ እስር ቤት ሞተ። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች «የእምነት መግለጫ» ሲባሉ ጭስ ይሸታቸዋል። የእኛ አባቶች ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። እኔም የማስቀድሰው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚህ ደመወዝተኛ ነኝ።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ።

መድረኩ ላይ በየእሑዱ እሳት የሚለኮስበት ጽዋ አለ። እንግዳ ሲያየው ከጥንት የወረደ ይመስለዋል። ልንገራችሁ? ማኅተም ነበር። የቢሮ ማኅተም! በ1941 ሊዝበን ላይ ከናዚ የሚሸሹ ሰዎችን ይረዳ የነበረው የዩኒቴሪያኖች የአገልግሎት ኮሚቴ፣ ወረቀቶቹ ቁም ነገር እንዲመስሉ አርማ አስፈለገው። ሃንስ ዶይች የተባለ፣ ራሱም ስደተኛ የሆነ ኦስትሪያዊ ሠዓሊ ሣለላቸው። መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል፣ ቆይቶ መድረኩ ላይ ያለው እሳት መጣ። ሕይወቷን ወረቀት ስታትም ለምታሳልፍ ሴት ከዚህ የበለጠ የሚያስደስት ታሪክ ከየት ይመጣል?

የአበባ ሥርዓታቸውም እንዲሁ ነው። ፕራግ ውስጥ የዩኒቴሪያን ሰባኪው ኖርበርት ቻፔክ የሚያገለግላቸው ሰዎች ከካቶሊክ፣ ከፕሮቴስታንትና ከአይሁድ ቤት ወጥተው የመጡ፣ ብዙዎቹም የድሮው ሥርዓት ያስመረራቸው ነበሩ። ኅብስትና ወይን ቢያቀርብላቸው ይከፋቸዋል። ምንም ባያደርግ ደግሞ አዳራሹ ንግግር መስሚያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ1923 መላ አገኘ። እያንዳንዱ አንድ አበባ ይዞ ይመጣል፤ ሲወጣ ሌላ ሰው ያመጣውን ይዞ ይሄዳል። አበባ ማንንም አያስቀይምም፣ አለርጂ ያለበትን ካልሆነ በቀር። ቻፔክን ናዚዎች በ1942 ገደሉት፤ ሥርዓቱን ግን ሚስቱ ባሕር አሻግራ አሜሪካ አድርሳው ነበር። ከፊት ሆኖ ላየው ዕንባ ያመጣል። ከኋላ በኩል ደግሞ እኔ ቅዳሜ ማታ ሱፐርማርኬት ሄጄ ትርፍ አበባ በባልዲ አዘጋጃለሁ፤ ግማሹ ምዕመን ረስቶት ባዶ እጁን ነው የሚመጣው።

አስተዋላችሁ? ሥርዓቱ ይቀድማል። ትርጉሙን በኋላ ቡና እየጠጡ ይከራከሩበታል። አይስማሙም። በዓመቱ ግን ሁሉም ይመጣል።

ስለ ዝማሬያቸው ዝም ብል ይሻል ነበር። እሺ፣ አንዲት ብቻ። ራሳቸው በራሳቸው ላይ የሚቀልዱት አለ፦ የእኛ ሰው ሲዘምር የሚንገዳገደው የሚቀጥለው ስንኝ ላይ እስማማ ይሆን እያለ ቀድሞ ስለሚያነብ ነው ይላሉ። ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቻለሁ፣ ቀልድ አይደለም።

ጥርጣሬያቸው ሕንፃም ሆኗል። ሮቼስተር፣ ኒው ዮርክ ያለው የእነሱው ማኅበር ሕንፃ ለማሠራት ታላቁን አርክቴክት ሉዊ ካንን ቀጠረ። ካን ሐሳቡን ሲያስረዳቸው መሃል ላይ፣ አዳራሹ በሚሆንበት ቦታ፣ የጥያቄ ምልክት አደረገ። በዙሪያው ኮሪደር፣ ከኮሪደሩ ውጭ ደግሞ ትምህርት ቤት። ኮሪደሩ ለምን? ገና ልቡ ላልቆረጠ ሰው። ሕንፃው በ1962 ተመርቆ ዛሬም ቆሟል። ሊቃውንቱ ሁሉ በጥያቄ ምልክቱ ይራቀቃሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቁም ነገሩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው።

ስልክ ስለማነሣ አውቀዋለሁ። እዚህ እውነትን ፈልጎ የሚደውል ሰው የለም። የሚደውል ሰው አንድም ልጅ ወልዷል፣ አንድም ትዳሩ ፈርሷል፣ አንድም ሰው ሞቶበታል። አንዲት እናት ልጇ «አያቴ የት ሄደች?» ብላት መልሱ ጨንቋት ደወለች። እሷ ራሷ በገነት አታምንም። መልስ አልሰጠናትም፤ የለንማ። «እሑድ ይዘሻት ነይ» አልናት። መጥታ ብዙ ጊዜ በሩ ጋ ቆማ ታዳምጥ ነበር፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ። አሁን የሕፃናት ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት።

ዋናው ነገር ያለው ስብከቱ ላይ አይደለም (ሬቨረንዷ እንዳትሰማኝ)። ደስታና ሐዘን የሚባል ክፍል አለ። የፈለገ ይወጣል፣ ሻማ ይለኩሳል፣ የሆነውን ይናገራል። ሬቨረንዷ በዚህች ሰዓት ላብ ያጠምቃታል፤ አንዱ የድመቱን ሕመም፣ አንዱ ምርጫውን፣ አንዱ የልጁን ውጤት እያለ ሰዓቱን ይበሉታል። የመረራቸው አብያተ ክርስቲያናት በጽሑፍ ይሁንልን ብለዋል።

ከዚያ ኢንጂነሩ ይነሣሉ። ምንም የማያምኑት። «የባለቤቴ የምርመራ ውጤት መጣ፤ ጥሩ አይደለም» ይሉና ሻማ ለኩሰው ይቀመጣሉ። አሁን ጓዳውን ተመልከቱልኝ። የቡናው ሰዓት ሳያልቅ ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሰኞ ላዛኛ የሚያመጣ፣ ማክሰኞ ሆስፒታል የሚያደርስ፣ ሐሙስ ውሻቸውን የሚያንሸራሽር። «ለመሆኑ በጸሎት ያምናሉ?» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ከሚጸልየውም ከማይጸልየውም ቤት እኩል ላዛኛ ይመጣል። ይሄኔ ነው የገባኝ፤ እድር ነው! ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥበት፣ የመዋጮ ደብተር ያለው እድር። እነዚህ በኦርጋን ያጅቡታል እንጂ።

አሁን ወደ ትልቁ ምስጢር። ዶግማ የለንም ይላሉ አይደል? አላቸው። ያስቀመጡት ግን እምነት ላይ ሳይሆን ቃል ኪዳን ላይ ነው። ነገሩ ከፒዩሪታኖቹ የተወረሰ ነው። እነዚያ ኮስታራ ሰዎች በ1648 ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ላይ ባወጡት ደንብ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትቆመው ምዕመናኑ እርስ በርስ በሚገቡት ቃል ኪዳን ነው አሉ። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርቱን አንድ በአንድ ጣሉት፤ ቃል ኪዳኑን ግን አልለቀቁም። ስለዚህ እዚህ ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ «እግዚአብሔር የለም» ያለ ሰው ቡና ይቀዳለታል። ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዧ ላይ የጮኸ ግን ደብዳቤ ይደርሰዋል። የምተይበው እኔ ነኝ።

ቃል ኪዳኑ የላዛኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመጋቢት 1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ የሃይማኖት ሰዎችን ወደ ሴልማ፣ አላባማ ሲጠራ ከሄዱት አንዱ ጄምስ ሪብ የተባለ የዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት አገልጋይ ነበር። ነጮች መንገድ ላይ ደበደቡት፤ ሞተ። ከሞት በኋላ ስላለው ነገር የማይስማሙ ሰዎች እዚያ ድረስ ይሄዳሉ።

ወደ ጭቅጭቃቸው እንመለስ፤ እሱ ይሻለናል። በ1985 ሰባት መርሆች አጽድቀው ነበር። «ይህ የእምነት መግለጫ አይደለም» እያሉ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ለልጆች አስጠኑት። በ2024 ጠቅላላ ጉባኤያቸው ሰባቱን አውርዶ ፍቅርን መሃል ላይ ባደረጉ እሴቶች ተካቸው። አቤት! ዶግማ የሌለው ሰው በሌለው ዶግማ ሲጣላ ማየት ነበረባችሁ። ኢሜይሉ፣ ስብሰባው፣ ኩርፊያው። ጉባኤ ኒቅያም እንዲህ አልተጨናነቀ።

እጃቸው የሚያጥርበት ቦታ የለም አላልኩም። ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ፣ ሰው ሊሞት ሲያጣጥር፣ ቁርጥ ያለ ቃል ይፈለጋል። ሬቨረንዷ ለዚህ የምትይዘውን ልንገራችሁ፤ ቦርሳዋ ውስጥ መዝሙረ ዳዊት አለ። ዕድሜ ልኩን ሲጠራጠር የኖረ ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት በልጅነቱ የሸመደደውን አንብቢልኝ ይላታል። ታነብለታለች። የምዕመናኑ ልጆችም አሉ። ጎረምሳ ሲሆኑ «የራሳችሁን እምነት ጻፉ» ይባላሉ፤ መድረክ ላይ ያነባሉ፤ ወላጅ ያለቅሳል። ከዚያ ልጁ ኮሌጅ ይገባል፣ ቻው። የሚመለሱት ጥቂት ናቸው፤ የሚመለሱትም ልጅ ሲወልዱ ነው።

በ2013 ለንደን ላይ ሳንደርሰን ጆንስና ፒፓ ኢቫንስ የተባሉ ሁለት ኮሜዲያን ጸሎተ ሃይማኖት የሌለውን ቤት ከዚህም ቀለል አድርገው ሞከሩት። ሰንደይ አሴምብሊ አሉት። አምላክ የለም፣ መዝሙሩ የፖፕ ዘፈን ነው፣ ሻይና ኬክ አለ። በየአገሩ ተዛመተ፤ ከዚያ ቀዘቀዘ። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «መዋጮ ነበራቸው?»

ምክንያቱም እዚህ ቤት ስለ ሞት፣ ስለ ወሲብ፣ ስለ አምላክ መኖር ያለ ኀፍረት ይወራል። ድምፅ ዝቅ የሚለው ገንዘብ ሲነሣ ነው። ጣሪያው ያፈሳል። ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን እናከራያለን። ከተከራዮቹ መካከል የአገራችን ሰዎች አሉ፤ ከበሮ ያላቸው፣ ጸሎታቸው ረጅም፣ በሚያምኑት ላይ ቅንጣት ጥርጥር የሌለባቸው። ውሉ ሊፈረም ሲል አንድ የቦርድ አባል እጁን አወጣ። «እነዚህ ሰዎች ስለ ገሃነም ይሰብካሉ አሉ። እኛ ዩኒቨርሳሊስት ነን እኮ!» ስብሰባው ለሌላ ቀን ተላለፈ። አንዱ መቻቻል አለ፣ አንዱ መርህ አለ፣ አንዲት አሮጊት ሹራባቸውን እየሠሩ የጣሪያውን ዋጋ አነሡ። ድምፅ ተሰጠ፤ ተፈቀደ። ውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ ብቻ ተጨመረች፦ የማሞቂያውን ለብቻቸው ይከፍላሉ።