«እሺ» ማለት መስማት አይደለም

ልጄ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል። እኔ አንዱንም አልሰማሁም።

የምንኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። የታክሲ ሰልፍ ጠብቄ ቤት ስደርስ አብዛኛውን ጊዜ መሽቷል። የስምንት ዓመቱ ልጄ ተከትሎኝ ወጥ ቤት ይገባና ውሎውን ይነግረኛል። እኔ በአንድ ዓይኔ ድስቱን፣ በሌላው ስልኬን እያየሁ «እሺ የኔ ጌታ» እለዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ቡና ስትቆላ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያወራት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። አንድ ትልቅ ልጅ ምሳውን እየቀማ እንደሚመታው ነገራት። እናቴ አልደነገጠችም፣ አልተቆጣችም። ቡናውን እያመሰች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች። ሲጨርስ «ለእናትህ ነግረሃታል?» አለችው።

«ሦስት ቀን ነገርኳት፤ እሺ አለችኝ።»

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄጄ ከመምህሩ ጋር ተነጋገርን፤ ነገሩ ተስተካከለ። የእኔ ጆሮ ጉዳይ ግን ገና አልተፈታም ነበር።

በውጭው ዓለም «ማይንድፉልነስ» የሚሉት ነገር አለ። ሥሩ ጥንታዊው የቡድሂዝም ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ከሃይማኖት ነጻ አድርገው፣ የማይለቅ ሕመምና ጭንቀት ላለባቸው ሰዎች ሥልጠና ጀመሩበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አሁን የሚሆነውን፣ ለመፍረድ ሳይቸኩሉ፣ ልብ ማለት። እኛ «ቀልብን መሰብሰብ» እንለዋለን። ቀልብ መሸሹ አይቀርም፤ ጥፋትም አይደለም። ልምምዱ መሸሹን አውቆ፣ ራስን ሳይወቅሱ፣ መመለስ ነው።

እናቴ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። ቡና ግን አስተምሯታል። ቡና ቀልብ የሌለውን ሰው ወዲያው ያጋልጣል፤ ምጣዱ ላይ ያርርበታል፣ ጀበናው ይገነፍልበታል። «ለመፍረድ ሳይቸኩሉ» የሚለውም የገባኝ በእሷ «ከዚያስ?» ነው። እኔ ብሆን ገና ሳይጨርስ «አንተስ ምን አድርገኸው ነው?» እለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር እንሞክራለን።

የመጀመሪያው በር ላይ ነው። ቁልፉን ከማዞሬ በፊት ቆሜ ሦስት ጊዜ በዝግታ እተነፍሳለሁ፤ አየሩ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ልብ እላለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው የቅዳሜ ቡና ነው። አቦል እስኪያልቅ ማንም ስልክ አይነካም። ቶናና በረካ ላይ የፈለገ ይነካል። ከባድ ደንብ ቤት ውስጥ አይጸናምና በአንድ ሲኒ ጀመርን።

ሦስተኛው የእሑድ እንጦጦ ነው። ወደ ኪዳነ ምሕረት አቅጣጫ ሽቅብ እንወጣና ባሕር ዛፉ ውስጥ ቆመን አምስት ድምፅ እንቆጥራለን፤ ወፍ፣ ቅጠል፣ የሩቅ መኪና፣ የሯጮች እግር፣ የራሳችን ትንፋሽ። እናቴ በልጅነቷ ከዚሁ ጫካ ጭራሮ ተሸክማ ወርዳለች። «ያኔ ዛፉን መቼ አየሁት? እግሬን ነበር የማየው» አለችን። ልጄ ይህን የአያቱን ታሪክ የሰማው እዚያ ነው፤ እኔም እንደዚሁ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል ወደ 3,000 ሜትር ከፍ ይላልና አረጋውያን፣ በተለይ የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለባችሁ፣ ሐኪም ጠይቃችሁ በዝግታ ውጡ። ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መቁጠርም ያው ነው።

ይህ ሁሉ የታክሲውን ሰልፍ አያሳጥርም፣ የገበያውን ዋጋ አያወርድም። መድኃኒትም አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ለሳምንታት ከቆየ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል። የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው፦ ከልጅዎ ጋር ባሉበት ሰዓት በእርግጥ አብረው መሆን።

እኔም ገና ተማሪ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ወጥ እያማሰልኩ እጄ ሳላውቀው ስልኬን አነሳ። ልጄ ወሬውን አቋርጦ ቀሚሴን ጎተተኝ።

«እማ፣ ቀልብሽ ሄደ።»

ስልኩን አስቀምጬ እሳቱን ቀነስኩና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «ከዚያስ?» አልኩት።