ባለብዙ ካሜራ ማይክሮስኮፕ ፓተንት ያገኛል?

ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቋጠር በውርጌሳና በመርሳ ዙሪያ ቆላ የወባ ወቅት ይጀምራል። የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ከጣት ጫፍ የወሰደውን ደም ስላይድ ላይ ያደርቃል፤ በጊምሳ ቀለም ያቀልመዋል፤ የዘይት ጠብታ ጨምሮ በ1000 እጥፍ አጉልቶ ያየዋል። በዚህ ጉላት በአንድ ጊዜ ለዓይን የሚገባው ክብ ከዳር እስከ ዳር 0.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ስላይዱን በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ መቶና ከዚያም በላይ እይታ ይፈትሻል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ይቻላል፤ የደረቀ ደም ካለበት አይነቃነቅምና።

ሕያው ሴልን መከታተል ግን ሌላ ጣጣ አለው። ተህዋስ የሚያሳድድ ነጭ የደም ሴል በደቂቃ 10 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀጥ ብሎ ቢሄድ ያንን ክብ በ20 ደቂቃ አቋርጦ ይወጣል። እንዳያመልጥ ብለው ጉላቱን ቢቀንሱት ቅርጹ ይደበዝዛል፤ ቅርጹን ለማየት ቢያጎሉት ያመልጣል።

ባለብዙ ካሜራ ማይክሮስኮፕ የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። በአንድ ሌንስ ፈንታ የየራሳቸው ሌንስ ያላቸው ትንንሽ ካሜራዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። እያንዳንዱ የራሱን ቁራሽ ቦታ ያያል፤ የጎረቤታሞቹ እይታ ጠርዝ ላይ ይደራረባል፤ ኮምፒውተር ቁርጥራጩን አጋጥሞ አንድ ሰፊ ምስል ያወጣል። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ያስተዋወቀው መሣሪያ እስከ 96 ካሜራ አለው። በመቶዎች በሚቆጠር ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚርመሰመሱ የዓሣ ጫጩቶችንና ጉንዳኖችን በአንድ ጊዜ ይቀርጻል። ለይቶ የማሳየት አቅሙ ግን 18 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ 7 ማይክሮ ሜትር ገደማ የምትሰፋውን ቀይ የደም ሴል ለብቻዋ አያሳይም። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሲምቪው የተባለ መሣሪያ በሁለት ካሜራ ከሁለት ወገን እያየ በዝንብ ሽል ውስጥ ያሉ ሴሎችን እንቅስቃሴ ተከታትሏል።

እንግዲህ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያለ መምህር ሴል የሚከታተል ባለብዙ ካሜራ ማይክሮስኮፕ ሠርቶ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢሄድ ምን ይጠብቀዋል? የሚዳኘው በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። አዋጁ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ፈጠራው አዲስ መሆኑን፣ ለዘርፉ ሙያተኛ በቀላሉ የማይገመት መሆኑን፣ በሥራ ላይ ሊውል መቻሉን። ሦስተኛው ለማይክሮስኮፕ አያስቸግርም።

አዲስነት የሚለካው በአገር ውስጥ ብቻ አይደለም። በየትኛውም የዓለም ክፍል አስቀድሞ የታተመ ወይም በይፋ የታየ ነገር ይቆጠራል። ስለዚህ «ብዙ ካሜራ ያለው ማይክሮስኮፕ» ብቻ ብሎ መብት መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ከላይ ያነሳኋቸው ሁለቱ ቀድመውታል። 96ን ወደ 120 ማሳደግም ሁለተኛውን መስፈርት አያልፍም። ካሜራ መጨመር ለማንም ሙያተኛ የሚታሰብ ነገር ነው።

ይህ መስፈርት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከጤፋችን ታሪክ እናውቃለን። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ለሆላንድ ውድቅ ያደረገው ነገሩ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው፣ የፈጠራ ብቃት የለውም በሚል ነው። የእኛን ሰብል የታደገው ሚዛን በእኛም ልጆች ሥራ ላይ በእኩል ይሠራል፤ መሥራትም ይገባዋል።

ታዲያ ፈጠራው የቱ ላይ ነው? እኔ የምፈልገው በካሜራዎቹ እይታ ድንበር ላይ ነው። አንድ ሴል ከሦስተኛው ካሜራ ወደ አራተኛው ሲሻገር የሁለቱ ሌንሶች ጉላት በጥቂቱ ይለያያል፤ የብርሃኑ መጠን ይለያያል፤ ካሜራዎቹ በአንድ ቅጽበት ካልቀረጹ ሴሉ የዘለለ ይመስላል። በዚያው ጠርዝ ላይ ሁለት ሴሎች ተነካክተው ቢለያዩ የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋል። ይህን መምታታት የሚያስቀር የሌንስ አደራደር፣ የብርሃን አሰጣጥ ወይም ካሜራዎቹን የሚያናብብ ዘዴ ያገኘ ሰው እውነተኛ ቴክኒካዊ ችግር ፈትቷል። የመብት ጥያቄውም መጻፍ ያለበት በዚያ ላይ ነው።

አጻጻፉ ብዙ ይወስናል። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን፣ ሳይንሳዊ ግኝትን፣ የሒሳብ ዘዴን፣ በሽታ የመመርመሪያና የማከሚያ ዘዴን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። «ሴሎች ወደ ቁስል እንዲህ ይሄዳሉ» የሚል ግኝት ነው። «በእንቅስቃሴያቸው በሽታውን እለያለሁ» የሚል የመመርመሪያ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ውስጥ የሚያገለግል ዕቃ ግን አልተከለከለም፤ ለማይክሮስኮፕ ሠሪው በሩ የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙንም ለብቻው ከማቅረብ ካሜራዎቹን የሚያዝዝ የመሣሪያው አካል አድርጎ መግለጽ ይሻላል።

የፈጠራ ብቃት መስፈርቱ ከከበደ የአነስተኛ ፈጠራ ሰርተፍኬት አለ፤ ለ5 ዓመት የሚሰጥና ለሌላ 5 ዓመት የሚታደስ። ባለቤትነቱም አስቀድሞ ይጣራ፤ በሥራ ውሉ መሠረት የተሠራ ፈጠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የቀጣሪው ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ የወጣቶቻችን ችኮላ ነው። ሥራቸውን በኤግዚቢሽንና በቴሌቪዥን አሳይተው ስለ ማመልከቻ የሚያስቡት ከዚያ በኋላ ነው። የእኛ አዋጅ ፈጣሪው ራሱ ከገለጸበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ይታገሠዋል። በአውሮፓ ግን ያ ትዕግሥት የለም፤ በይፋ የታየ ዕለት አዲስነቱ ያበቃል። ስለዚህ ሥዕሉና ዝርዝር መግለጫው ፈጠራው ከቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ከመቅረቡ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ይግባ። ፓተንቱ ሲሰጥ 15 ዓመት ይጸናል፤ ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ደግሞ 5 ዓመት ይጨመርለታል።