ጭድን ለሚደልብ ከብት መኖነት ማሻሻል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲና በአካባቢው፣ ከከተማው ግንባታ በተረፈው መረሬ መሬት ላይ ገበሬዎች ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ምስር ያመርታሉ። እህሉ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ የጭድ ክምር በየደጁ ይቆማል። የግጦሽ መሬት ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ስለ ሄደ፣ በበጋ ወራት ከብቱ በአብዛኛው የሚኖረው በዚህ ክምር ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ገበሬ ለእርሻ ያረጀበትን በሬ አድልቦ ለፋሲካ ለመሸጥ አስቦ ከጥር ወር ጀምሮ ጭድ ብቻ ቢያበላው፣ በሬው ሆዱ ሞልቶ ሳለ ጎድኑ ሲቈጠር ያየዋል። ለገበያ ባወጣውም ጊዜ ነጋዴው ወገቡንና ሻኛውን ዳስሶ ዋጋውን ዝቅ ያደርግበታል። ታዲያ በሬው ጭድ እየበላ የማይደልበው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ከጭዱ ተፈጥሮ የሚመጣ ነው። ጉልበት የሚሰጠውን የጭዱን ክፍል፣ ማለትም ሴሉሎስን፣ ሊግኒን የሚባል የእንጨትነት ጠባይ ያለው ነገር አጣብቆ ይይዘዋል። ሁለተኛው የፕሮቲን ማነስ ነው። ከብት ጭድን የሚያብላላው ብቻውን አይደለም፤ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ የሚኖሩ፣ ለዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ያግዙታል። እነርሱም ሥራቸውን በሚገባ እንዲያከናውኑ መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። የጤፍና የስንዴ ጭድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ተሐዋስያኑ ይራባሉ፤ ጭዱም ሳይብላላ በጨጓራ ውስጥ ስለሚቈይ ከብቱ ሌላ መኖ ለመጨመር ቦታ ያጣል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሚሆኑት ዘዴዎች አንዱ ጭድን በዩሪያ ማከም ነው። ዩሪያ ገበሬው በማዳበሪያነት የሚያውቀው ነጭ ፍሬ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ደረቅ ጭድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ ተመዝኖ ከ80 እስከ 100 ሊትር በሚሆን ውሃ ይሟሟል። ጭዱ ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ በስሱ እየተነሰነሰ፣ በየድርቡ ውሃው እየተርከፈከፈበትና በእግር እየተረገጠ ይሞላል። ከዚያም አየር እንዳይገባና እንዳይወጣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ዐፈር ተጭኖበት 3 ሳምንት ይቈያል። በዚህ ጊዜ ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያው የሊግኒኑን ማሰሪያ ያላላል፤ በጭዱ ውስጥ የሚቀረው ናይትሮጂን ደግሞ ለተሐዋስያኑ ምግብ ይሆናል። የጭዱም የፕሮቲን መጠን በናይትሮጂኑ ሲሰላ ዕጥፍ ገደማ ይደርሳል።

ሆኖም ይህ ሥራ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ጭዱ ከጉድጓድ ከወጣ በኋላ የሚሰነፍጠው ሽታ እስኪቀንስ ድረስ መናፈስ አለበት። በመጀመሪያዎቹም ቀናት ካልታከመ ጭድ ጋር እየተቀላቀለ ከብቱ ቀስ በቀስ እንዲለምደው ይደረጋል። ዩሪያ የተበጠበጠበትን ውሃ የጠጣ ወይም ፍሬውን የላሰ ከብት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሚዛኑ በግምት አይሠራም። የታከመ ጭድ ለትንንሽ ጥጆች፣ ለፈረስና ለአህያም አይሰጥም።

ደግሞም የታከመ ጭድ ብቻውን ሰንጋ አያወጣም። ከዱቄት ፋብሪካ የሚገኘው ፉርሽካና ከዘይት መጭመቂያ የሚገኘው የኑግ ፋጉሎ ሊታከሉበት ይገባል። ዩሪያ በሚወደድበት ጊዜ ከጤፍ ጭድ የተሻለ ፕሮቲን ያለውን የምስር ገለባ ቀላቅሎ ማብላትም ይጠቅማል። በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተመሠረተውና በደብረ ዘይት፣ በዛሬው ቢሾፍቱ፣ የምርምር ጣቢያ የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል የሰብል ተረፈ ምርትን የመኖ ጥቅም ካጠኑት ተቋሞች አንዱ ነበር።

እንግዲህ ሆድን መሙላትና መመገብ አንድ አይደሉም። በሬውን ለፋሲካ ለማድረስ የሚሻ ገበሬ ጉድጓዱን መክደን ያለበት በታኅሣሥ፣ ጭዱ ገና ከዐውድማ እንደ ተነሣ ነው።