«የ2012 ናት» ሲሉዎት በማን አቆጣጠር?
ያገለገለ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ላሰባችሁ

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ የጎጃም ገበሬ በሻጩ ቃል ብቻ ገንዘቡን አይፈታም። የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ያገለገለ ሞተር ሳይክል ሲገዙም ብልሃቱ ያው ነው። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርገው ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ሽንዲና ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚመላለሱ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም ነጋዴ ከሆኑ፣ የሚገዙት ዕቃ የቤተሰብዎን ቁጠባ ጠቅልሎ የሚወስድ ነው። ከኋላዎም ባለቤትዎን ወይም ልጅዎን ያሳፍሩበታል። ስለዚህ ቀለሟን ሳይሆን ዕድሜዋን አስቀድመው ያጣሩ።

አቆጣጠሩን ይጠይቁ

ደላላው «የ2012 ናት» ቢልዎት ወደ ዋጋ ክርክር አይግቡ። «በማን አቆጣጠር?» ይበሉ። በፈረንጆቹ ከሆነ ሞተር ሳይክሏ አርጅታለች። በእኛ ከሆነ ግን የ2019 ወይም የ2020 ምርት ናት ማለት ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ለሞተር ሳይክል ዕድሜ ልክ ነው። ደግሞም ታርጋ የወጣበት ዓመት ከተሠራችበት ዓመት ጋር ላይገጥም ይችላል። መቼ ተሠራች፣ መቼ ታርጋ ወጣላት፣ ሻጩ መቼ ገዛት? ሦስቱንም ለየብቻ ይጠይቁ።

ጥርሷ ሻንሲ ቁጥሯ ነው

ከመሪው ሥር አንገቷ ላይ የተመታውን ሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጠርገው ያንብቡ። እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ባሉ የህንድ ሞተር ሳይክሎች ላይ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። ከግራ ሲቆጥሩ አሥረኛው የምርት ዓመቱን ይነግርዎታል። በፈረንጆች አቆጣጠር ኤ 2010፣ ቢ 2011፣ ሲ 2012፣ ዲ 2013፣ ኢ 2014፣ ኤፍ 2015፣ ጂ 2016፣ ኤች 2017 ነው። አይ ይዘለላል። ጄ 2018፣ ኬ 2019፣ ኤል 2020፣ ኤም 2021፣ ኤን 2022 እያለ ይቀጥላል። የቆዩ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች በዚህ አይነበቡም፤ ለእነሱ ሊብሬው ላይ የሰፈረውን የምርት ዓመት ይዩ።

ጎማውም ይመሰክራል። በጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች መካከል አራት አኃዝ ይፈልጉ። 3519 ማለት በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። «አዲስ ናት» የተባለች ሞተር ሳይክል ጎማዋ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

ታዲያ የትኛው ዓመት ይሻላል?

ለሁሉም የሚሆን አንድ የተባረከ ዓመት የለም። ለመንገድዎ የምትሆነውን ግን መለየት ይቻላል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ ጭኖ ወደ ደጋ ዳሞት ሽቅብ ለሚወጣ 100 ሲሲ ይከብደዋል፤ 125 ወይም 150 ይሻላል። ለእርሻ ሥራ ታስባ የተሠራችው ያማሃ ኤጂ ሰንሰለቷ የተሸፈነ በመሆኑ የክረምቱን ጭቃ ትችላለች። ነገር ግን የትኛዋንም ከመምረጥዎ በፊት የከተማዎን መካኒክ «መለዋወጫዋ እዚህ ይገኛል?» ብለው ይጠይቁ። መለዋወጫዋ ከሩቅ የሚመጣ አዲስ ምርት፣ ዕቃዋ በቅርብ ከሚገኝ የሁለት ዓመት ታላቋ አትበልጥም።

የሠራችው ሥራም ከዕድሜዋ እኩል ይቆጠራል። ሰውና ጭነት በኪራይ ስታመላልስ የኖረች የሦስት ዓመት ሞተር ሳይክል፣ አንድ ሰው ብቻ በጥንቃቄ ከነዳት የስድስት ዓመቷ ይልቅ ደክማ ሊያገኟት ይችላሉ። ኪሎሜትር ቆጣሪውን ብቻ አይመኑ። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አልቆ፣ ወንበሩ ተቀዶ ቆጣሪው ትንሽ ካነበበ ቆጣሪው ተነካክቷል ብለው ይጠርጥሩ።

አስነድተው ይዩ

ለሻጩ «ሞተሯን ሳታሞቃት ጠብቀኝ» ይበሉት። ጠዋት በብርዱ ራስዎ ያስነሱ። ባለ አራት ምት ሞተር ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። ሻንሲው ላይ ብየዳ ካለ ከባድ ጭነት ወይም አደጋ አይታ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ሰው ከኋላ አሳፍረው ዳገት ይውጡ፣ ቁልቁለት ላይም ፍሬኑን ይፈትኑ። መሪው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ ምክንያቱን መካኒክ ሳይነግርዎ አይክፈሉ።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ መሆኑን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሮቹ ከብረቱ ጋር መግጠማቸውን፣ ቦሎዋ መታደሱን ያረጋግጡ። ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም የታርጋ ፋይሏ ባለበት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም እንደገና ተመትቶ ካዩ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይለፏት። ስም ሳይዛወር ቀብድ አብዝተው አይስጡ፤ በእማኝ ብቻ የተፈረመ ወረቀትም አይበቃዎትም።

በመጨረሻም የበርበሬውንና የበቆሎውን ገንዘብ አሟጠው ለሻጩ አይስጡ። ለጎማ፣ ለሰንሰለት፣ ለዘይትና ለሁለት የራስ ቁር የሚሆን ያስቀሩ። ሁለተኛው የራስ ቁር ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ነው። ለእሱ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለዎት፣ አንድ ዓመት ቀደም ያለችውን ሞተር ሳይክል ይግዙ።